ኔጋቲቩ ማን ጋር ነው?

በ2000 ዓ.ም. ግድም፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ላይ በአምባሳደር ወይም በአምፒር ሲኒማ ቤት በኩል ያለፈ ሰው ሰልፉን ሳያስታውስ አይቀርም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን ሳያወልቁ የመጡ እናቶች፣ እጅ ለእጅ የተያያዙ ጥንዶች፣ አንዱ ለሦስት የሚከፍልላቸው ጎረምሶች፤ ሁሉም ፖስተሩ ላይ ካለው የተዋናይ ፊት በቀር ምንም ለማያውቁት የአማርኛ ፊልም ይሰለፋሉ። ያ ሰልፍ ዛሬ የለም፤ ካለም የቀረው ጭራው ነው። ፊልም ሠሪዎቹ ግን የትም አልሄዱም። የሚፈልጋቸው ሰው ማታ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ፣ ተከታታይ ድራማው ሲያልቅ ማንም ሳያነበው የሚሮጠውን የስም ዝርዝር ይመልከት። እዚያ አሉ።

ይህን ሽግግር እንደ ለቅሶ የሚያወሩት ብዙ ናቸው። ሲኒማው ሞተ፣ ድራማው ወረሰው ይላሉ። ሐዘኑ ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። ድራማ መሥራት ነውር አይደለም፤ ካሜራ ማንና ኤዲተር ወር ጠብቀው ደመወዝ ሲቀበሉ ማየትም ደስ ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ፕሮዲዩሰሩና ዳይሬክተሩ ከአዳራሽ ወደ ቴሌቪዥን ሲሻገሩ፣ የሥራቸው ባለቤትነት አብሯቸው ተሻገረ ወይስ መንገድ ላይ ቀረ?

በአሜሪካም በአውሮፓም ‹‹ነጻ ፊልም ሠሪ›› ሲባል ከትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ውጭ የሚሠራ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ስቱዲዮ የሚባል ጌታ ስላልነበረ፣ ነጻ የወጣነው ከማን እንደሆነ መናገር ያስቸግራል። ‹‹ሂሩት አባቷ ማነው›› በ1957 ዓ.ም. ሲወጣም፣ ‹‹ጉማ›› በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ሲመጣም ከኋላቸው የቆመ ኢንዱስትሪ አልነበረም። በደርግ ጊዜ የፊልም ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ እሱም መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ፊልም የፈለገ ሰው መኪናውን ሸጠ፣ ከወንድሙ ተበደረ፣ ውጭ ላለች እህቱ ደወለ፣ ለመጠጥና ለሳሙና ፋብሪካዎች የስፖንሰር ደብዳቤ ይዞ ዞረ። ባንክ ስክሪፕት በመያዣነት አይቀበልም፤ ቤት እንጂ። የቤቱን ካርታ አስይዞ ፊልም የሠራ ሰው ‹‹ነጻ›› ሲባል ሲሰማ ምን እንደሚያስብ እንጃ።

ሴሉሎይድ ውድ ነበር፤ ታጥቦ የሚመጣውም ከውጭ ነበር። የቪዲዮ ካሜራ ያን ግድግዳ ሲያፈርሰው በ1990ዎቹ አጋማሽ (እንደ እኛ አቆጣጠር) ድንገት ብዙ ሰው ዳይሬክተር ሆነ። ‹‹ቀዝቃዛ ወላፈን››ን እና ‹‹ቀይ ስህተት››ን የሠራው ቴዎድሮስ ተሾመ ከዚያ ትውልድ ስሙ ጎልቶ የወጣ ነው፤ እኔ የማደንቀው ግን ከፊልሞቹ ይልቅ አንድ የንግድ ውሳኔውን ነው። ፊልም ብቻ ሠርቶ ሌላው ቤት ደጅ ከመጥናት የራሱን ሲኒማ ቤት ከፈተ፤ ስሙንም ሴባስቶፖል አለው። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን፣ ይህንኑ ስም የያዘ መድፍ መቅደላ ድረስ አስጎትተው ማውጣታቸውን ለሚያውቅ አንባቢ ቀልዱ ይገባዋል፤ ያኔም ሆነ ዛሬ ከባዱ ሥራ ማስወለዱ ሳይሆን ማስጎተቱ ነው።

የአዳራሹ ዘመን ሒሳብ ቀላልና ጨካኝ ነበር። ከእያንዳንዱ ትኬት ግብር ይነሳል፤ የቀረውን ሲኒማ ቤቱና ፕሮዲዩሰሩ ይካፈላሉ፤ ከፕሮዲዩሰሩ ድርሻ ላይ ደግሞ የፖስተር፣ የሬዲዮ ማስታወቂያና የፕሪሚየር ወጪ ይወርዳል። ፊልሙ ያዋጣ አያዋጣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይታወቃል። ዋናው ጠላት ኮፒ ነው፤ አንዴ በቪሲዲ ከሾለከ አለቀለት። ስለዚህ ፕሮዲዩሰሩ ማስተሩን እንደ ታቦት ይጠብቅ ነበር፤ በቦርሳው ይዞ ከአንዱ አዳራሽ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ቁጭ ብሎ አሳይቶ ይዞ ይመለሳል። የሚያስቀው ይህ ሁሉ ሰቆቃ አንድ በጎ ነገር ነበረው፦ ፊልሙ የማን እንደሆነ ማንም አይጠራጠርም። ከሰረ፣ የከሰረው ባለቤት ነው። ካተረፈ፣ ሌላ ፊልም ይሠራል። ቴሌቪዥን ባልለመደበት ፍጥነት ሴቶች ወደ ፕሮዲዩሰርነትና ዳይሬክተርነት የገቡትም በዚሁ በር ነው፤ ሩቅያ አህመድን፣ ሄርሞን ኃይላይን፣ ‹‹ረቡኒ››ን ያዘጋጀችውን ቅድስት ይልማን ያስተናገደ በር። ገንዘቡን ያመጣ ሰው ፈቃድ አይጠይቅማ።

ቀጥሎ የሳተላይት ቴሌቪዥኑ መጣ። ኢ.ቢ.ኤስ. እ.ኤ.አ. በ2008 ተመሠረተ። ቃና በ2016 የቱርክና የሌሎች አገሮች ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እያቀረበ ሲነሳ የጥበብ ሰዎች ተሰብስበው ተቃወሙ፤ ተመልካቹ ግን ሪሞቱን አልለቀቀም። በ2021 ደግሞ በዲ.ኤስ.ቲቪ. ላይ አቦል መጣ። በመሐሉ ኮቪድ የሲኒማ ቤቶችን በር ለወራት ዘጋ፤ በኋላ ሲከፈት ተመልካቹ ሶፋውን ለምዶ ነበር። በሳምንት ለትኬት፣ ለታክሲና ለፈንዲሻ ይወጣ የነበረው ብር ለዲሽና ለኢንተርኔት ዋለ።

እዚህ ላይ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪን ማንሳት አለብኝ፤ የዚህ ዘመን ታሪክ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ተጠቅልሎ የሚገኘው እሱ ጋር ነውና። ‹‹ድፍረት›› የተባለው ፊልሙ በጥር 2014 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ፤ በበርሊንም እንዲሁ በፓኖራማ ዘርፍ። አንጀሊና ጆሊ በሥራ አስፈጻሚ ፕሮዲዩሰርነት ስሟን ሰጠችው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ግን አዲስ አበባ ላይ፣ እንግዳው ወንበሩን ይዞ መብራት ሊጠፋ ሲል፣ የፍርድ ቤት እግድ ደረሰና የምርቃቱ ምሽት ተበተነ። ክርክሩ ስለ ጥበብ አልነበረም፤ ታሪኩ የማን ነው፣ ፈቃዱን ማን ሰጠ የሚል ነበር። እግዱ በኋላ ተነሳ፤ ፊልሙም ታየ። የሚገርመው ቀጣዩ ነው። በሁለት ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል ተመልካች ያጨበጨበለት ይኸው ዳይሬክተር ከሁለት ዓመት በኋላ ቃናን ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ሆነ፤ የ‹‹ድፍረት›› ፕሮዲዩሰር ምሕረት ማንደፍሮም እዚያው ጣቢያ ውስጥ ሠርታለች። የአገር ውስጥ ፊልም ሠሪ ‹‹ገበያችንን ነጠቀን›› ያለው ጣቢያ ከመሥራቾቹ አንዱ ራሱ ነጻ ፊልም ሠሪ ነበር ማለት ነው። አንዳንዶች ይህን ክህደት ብለውት ሰምቻለሁ። ለእኔ ሒሳብ ነው። አንድ ፊልም ለመሥራት ዓመታት የፈጀበት፣ ከፌስቲቫል ጭብጨባም የቤት ኪራይ እንደማይወጣ ያየ ሰው ‹‹መስመሩን ራሴ ልያዘው›› ቢል ምን ይፈረድበታል? ቴዎድሮስ አዳራሽ ከፈተ፤ ዘረሰናይ ጣቢያ። ሐሳቡ አንድ ነው።

ጣቢያ መክፈት የማይችለውስ? ለእሱ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የአየር ሰዓት ገዝቶ ወይም የማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል ተዋውሎ በራሱ ገንዘብ መሥራትና ስፖንሰር ፍለጋ መዞር ነው። ይህ የድሮው ሲኒማ ወንድም ነው፤ ኪሳራውም ንብረቱም የፕሮዲዩሰሩ ነው። ሁለተኛው ጣቢያው አዝዞ በክፍል ሒሳብ እየከፈለ የሚያሠራው ነው። ሁለተኛው እየሰፋ የመጣው በቂ ምክንያት ስላለው ነው፤ አደጋው ይቀንሳል፣ ቡድኑ አይበተንም፣ ተዋናይ ቀጠሮ አያጥፍም። አዜብ ወርቁና ቅድስት ይልማ ያሉበት ‹‹እረኛዬ›› የተባለው ድራማ ሲተላለፍ የሥራው ጥራት ከብዙ የአዳራሽ ፊልም ይበልጥ እንደነበር ያየ ሁሉ ይመሰክራል። የሲኒማው ልምድ ወደ ሳሎን ሲገባ የሚሆነው ይህ ነው።

ክፍያው ግን ዋጋ አለው፤ ዋጋው የተጻፈውም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ላይ ነው። በቅጥር ወይም በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ወገኖቹ በውል ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር፣ የመጀመሪያ ባለቤቱ ቀጣሪው ወይም አዛዡ ነው። ልብ በሉ፤ ሕጉ ማንንም አይከለክልም። ‹‹ካልተስማሙ በቀር›› ይላል። ጉዳዩ ያለው የእኛ ዳይሬክተር ለመስማማት ወንበር ስቦ ባለመቀመጡ ላይ ነው። ቁጭ ቢል የሚጠይቀው ረጅም አይደለም፦ ስንት ዓመት? ስንት ጊዜ ይደገማል? በየትኛው አገር? በኢንተርኔትስ? ወደ ሌላ ቋንቋ ቢመለስ? ውሉ ሲያልቅ ሥራው ወደ ማን ይመለሳል? ሌላው ዓለም በእነዚህ ስድስት ጥያቄዎች ላይ ለወራት ይነታረካል፤ እኛ ግን የመጀመሪያው ክፍል ለመቼ እንደሚደርስ ተነጋግረን ሻይ አዝዘን እንለያያለን። ይሉኝታም አለበት። ‹‹ወንድሜ፣ እኔና አንተ ምን ውል ያስፈልገናል›› የሚለው አባባል የስንቱን ቤት እንዳዘጋ ማን ቆጠረ?

በትዕዛዝ፣ ያለ ዝርዝር ውል የተሠራው ድራማ በሦስተኛ ዓመቱ ሲደገም፣ በአምስተኛው ዓመት ዩቲዩብ ላይ ሲጫን፣ ዋሽንግተንና ሪያድ ላይ ሲታይ ለሠራው ሰው ሳንቲም አይመጣም። ሰውየው ሁልጊዜ ከዜሮ ይጀምራል። በሃምሳ ዓመቱም እንደ ሃያ አምስት ዓመት ልጅ ፕሮፖዛል ይዞ ይዞራል፤ ጸጉሩ ብቻ ሸብቷል።

አሁን መብቱን ከእጁ ሳያስወጣ ወደኖረው ጎንደሬ ልሂድ። ኃይሌ ገሪማ በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ቺካጎ ትያትር፣ ቀጥሎ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ፊልም ተማረ፤ ከቻርልስ በርኔትና ከጁሊ ዳሽ ጋር በኋላ ‹‹የኤል.ኤ. አመፅ›› ከተባለው የጥቁር ፊልም ሠሪዎች ትውልድ አንዱ ሆነ። ‹‹ምርት ሦስት ሺ ዓመት››ን እ.ኤ.አ. በ1974 ዙፋኑ እየተነቃነቀ ሳለ አገር ቤት መጥቶ በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም በሁለት ሳምንት ግድም ቀረጸው። እስከዚህ ድረስ የማንኛውም ጎበዝ ተማሪ ታሪክ ነው። የእሱን መንገድ የለየው ‹‹ሳንኮፋ›› ነው። ባርነትን የሚተርከው ይህ ፊልም በጋናና በጃማይካ ተቀርጾ በ1993 እ.ኤ.አ. በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቀረበ፤ በአሜሪካ ግን የሚያከፋፍለው ኩባንያ አላገኘም። ኃይሌና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና አቤቱታ አልጻፉም። ዋሽንግተን ላይ አዳራሽ ተከራዩ። ሰው መጣ፤ እንደገና መጣ፤ ሳምንታት አለፉ። ከዚያ ባልቲሞር፣ ከዚያ ሌላ ከተማ፤ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የተማሪ ማኅበሩን፣ የሰፈሩን አስተባባሪ እየያዙ ከከተማ ከተማ ሄዱ። የሚያከፋፍለው የራሳቸው ኩባንያ ስለነበር ገንዘቡም መብቱም እዚያው ቀረ። ቆይተውም በጆርጂያ ጎዳና፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ በፊልሙ ስም መጽሐፍ ቤት ከፈቱ። ቡና እየጠጣህ መጽሐፍ ትገዛለህ፤ ፊልሙም እዚያው አለ።

መስከረም 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2021) ላይ የአሜሪካዊቷ ዳይሬክተር የአቫ ዱቨርኔይ ኩባንያ አሬይ ‹‹ሳንኮፋ››ን አድሶ በኔትፍሊክስ ለቀቀው። ከ28 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በዚያው ሰሞን የሎስ አንጀለሱ የአካዳሚ ሙዚየም ኃይሌን ሸለመ። አገር ቤት ዜናው ‹‹ኢትዮጵያዊው በኔትፍሊክስ›› ተብሎ ተዘገበ፤ ያልተዘገበው ነገር መብቱ ከባልና ሚስቱ እጅ ወጥቶ ስለማያውቅ ውሉን መፈረም የቻሉት ራሳቸው መሆናቸው ነው። በ1993 ለአንድ አከፋፋይ በቁርጥ ሸጠውት ቢሆን ኖሮ በ2021 የሚጠየቀው ሌላ ሰው ነበር። አሬይ ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ የልጃቸውን የመራዊ ገሪማን ‹‹ሬዚድዩ›› ለቆ ነበር፤ የልጅ ፊልም የአባትን ቀድሞ ገባ።

ይህን ሳወራ ‹‹ስለዚህ ሁላችንም እንደ ኃይሌ እንሁን›› ማለቴ አይደለም፤ አንችልምም። ኃይሌ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር፤ ደመወዙ ኩሽናውን ሲሸፍን ፊልሙ መጠበቅ ይችላል። ‹‹ሥደት››ንና ‹‹የወንዝ ማዕበል››ን የሠራችው ሳሌም መኩሪያም እንዲሁ በዌልስሊ ኮሌጅ ስታስተምር የኖረች ናት። የነጻ ፊልም ሠሪ ሁለተኛ እግር ብዙ ጊዜ ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው ባልደረባቸው ደግሞ ሁለተኛ እግሩ የሠርግ ቪዲዮና የድርጅት ዶክመንተሪ ነው፤ ይህን በሹፈት የሚያነሳ ሰው የሠርግ ሥራው ስንት ፊልም እንደሸፈነ አያውቅም። የኃይሌም ነጻነት ክፍያ አስከፍሎታል። ከ‹‹ሳንኮፋ›› እስከ ‹‹ጤዛ›› አሥራ አምስት ዓመት ነው፤ በመሐል ያሉት እንደ አድዋው ያሉ ዘጋቢ ፊልሞች ብቻ ናቸው። ‹‹ጤዛ›› በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ልዩ የዳኞች ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት በዋጋዱጉ ፌስፓኮ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ አሸነፈ። ስንት ያልተሠሩ ፊልሞች በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ተቀብረው ይሆን?

ከውጭ ገንዘብ እያሰባሰቡ መሥራትም አንድ መንገድ ሆኗል። የያሬድ ዘለቀ ‹‹ላምብ›› በ2015 እ.ኤ.አ. በካን ‹‹አን ሰርቴን ሪጋርድ›› ዘርፍ ሲቀርብ በካን ይፋዊ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ተብሎ ተወደሰ፤ ከፕሮዲዩሰሮቹ ዝርዝር ውስጥ ግን ፈረንሳይ፣ ጀርመንና ኖርዌይ ነበሩ። ጄሲካ በሺር በሐረር ‹‹ፋያ ዳዪ››ን ካሜራውን ራሷ ይዛ አሥር ዓመት ያህል ቀረጸች። በእስራኤል የአለምወርቅ ዳቪድያን ‹‹ፊግ ትሪ›› በአማርኛ ተሠርቶ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ተቀርጾ፣ የእስራኤል የፊልም ድጋፍ አቁሞታል። በአማርኛ የሚናገር ፊልም ቋሚ የመንግሥት ድጋፍ ለማግኘት ቴል አቪቭ ድረስ መሄዱ ይቆጨኛል። እኛ ጋ የፊልም ፖሊሲ እ.ኤ.አ. በ2017 ጸድቋል፤ ፖሊሲ ግን ቼክ አይጽፍም።

እነዚህ የውጭ ጥምረቶች አንድ ነገር ያስተማሩ ይመስለኛል፦ ኔጋቲቩ፣ ማለትም የፊልሙ መብት፣ እንደ ዳቦ ይቆረሳል። የፈረንሳዩ ፕሮዲዩሰር አውሮፓን፣ ሌላው ሌላውን ይወስዳል፤ ዳይሬክተሩ አገሩንና ጥቂት ነገር ያስቀራል። ያም ቢሆን እያንዳንዱ ቁራሽ የት እንደሄደ በወረቀት ይታወቃል።

ዩቲዩብ ይህን ወረቀት ጨርሶ የረሳ ገበያ ነው። ከአዳራሽ የወረዱት የአማርኛ ፊልሞች ለቻናል ባለቤቶች በአንድ ጊዜ ክፍያ ተሸጡ፤ ተመልካቹ ዱባይ፣ ቤይሩት፣ ዳላስና ቴል አቪቭ ነው፤ የማስታወቂያው ዋጋም የአሜሪካ ተመልካች ሲያየው ከፍ ይላል። ሻጩ በብር ተቀበለ፤ ገዢው በዶላር ይሰበስባል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ በመካከላቸው ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሰፋ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ለዳይሬክተሩ ደግሞ ካሜራው፣ ሌንሱና ሃርድ ዲስኩ በዚያው ዶላር ነው የሚገዙት።

በዚህ ዓመት አንድ የማውቀው ዳይሬክተር፣ በአዳራሹ ዘመን አንድ ሰሞን ስሙ የተጠራ፣ ፊልሙን ስልኩ ላይ አገኘው። ማን እንደጫነው አያውቅም። ርዕሱ ተቀይሯል፤ መጀመሪያ ላይ የነበረው ስሙ ተቆርጧል፤ ከሥሩ ተመልካቾች ‹‹ክፍል ሁለት መቼ ነው?›› እያሉ ይጠይቃሉ። ጠበቃ ዘንድ ሲሄድ የመጀመሪያው ጥያቄ ‹‹ለማን ሸጠኸው ነበር፣ ውሉስ?›› የሚል ሆነ። ቤቱ ተመልሶ መሳቢያውን ገለበጠው። ማስተሩ የተቀዳበት የሚኒ ዲቪ ካሴት አለ፤ ማጫወቻው ግን ከተበላሸ ቆይቷል። ደረሰኞች፣ የስፖንሰር ደብዳቤ ኮፒዎች፣ የፕሪሚየር ጥሪ ካርድ። ውሉን አጣው። ፖስተሩን ግን አገኘው፣ ተጠቅልሎ፣ ቀለሙ እንኳ ሳይለቅ።